የእናቴን ታፔላ የጻፈው ቤት የእኔንም ጻፈ

የባልትና ነጋዴ ነኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ በሶ እሸጣለሁ። ሱቃችን እናቴ ከከፈተችው ጀምሮ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሣ ዕቃዬን ጭኜ አዲሱ ገበያ አካባቢ ገባሁ። የሠላሳ ዓመት ደንበኞቻችን የት እንደሄድኩ አያውቁም፤ አዲሱ ሰፈር ደግሞ እኔን አያውቀኝም። ታፔላ ለነጋዴ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሠራሁ። የመጀመሪያው ገንዘቤን በከንቱ አስወጣኝ። ሁለተኛውን የሠሩልኝ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ታፔላና የመንገድ ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤተሰብ ናቸው። የሰፈሩ ሰው "ታፔላ ቤት" ብቻ ነው የሚላቸው። ሥራቸው አሁን አንድ ክረምትና አንድ በጋ አልፎበታል፤ ስለዚህ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ ያልወደድኩትንም ጭምር።

መጀመሪያ የሄድኩት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የኅትመት ቤት ነበር። ላይት ቦክስ፣ ከውስጥ መብራት ያለውን ታፔላ፣ በሦስት ቀን እናደርሳለን አሉኝ፤ አደረሱም። በኮምፒውተር ሲያሳዩኝ በጣም አምሮኝ ነበር። የተሰቀለ ቀን መንገዱን ተሻግሬ ዞር ብዬ ሳየው ግን "በርበሬ" የሚለውን ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ከመወፈሩ የተነሣ የ"ሬ" ቀለበት ተደፍኖ ነጠብጣብ መስሏል። በአንደኛው ፊት ደግሞ "ባልትና" የሚለው "ባልተና" ተብሎ ታትሟል። ይስተካከልልኝ ብል፣ "በቴሌግራም ተልኮልሽ እሺ ብለሻል" አሉኝ። ብያለሁ፤ በስልኬ ላይ ስህተቱ አልታየኝም ነበር። በጋው ሲገባ ደግሞ ቀዩ የበርበሬ ሥዕል እየገረጣ ሄዶ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ። በርበሬ ለሚሸጥ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደንበኛ ከደጅ ቆሞ ዕቃው የከረመ ይመስለዋል።

የእናቴን ታፔላ ከፒያሳ ስነሣ ጥዬው አልመጣሁም ነበር። አንድ ሜትር ከሃምሳ የሚሆን ላሜራ ነው፤ ጠርዙ ዝጓል፣ ጽሑፉ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። ከማዳበሪያ ከረጢቶቹ ኋላ አስደግፌ አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን ሽሮ ሊገዙ የገቡ ሽማግሌ አይተውት፣ "ይህን እጅ አውቀዋለሁ፤ ሰውየው አሉ እኮ፤ ወደ ሰሜን ማዘጋጃ ስትወርጂ በውስጥ መንገድ ነው ቤታቸው" አሉኝ። በማግስቱ ላሜራውን በተሸካሚ አስይዤ ሄድኩ።

ግቢው የቆርቆሮ በር አለው። ሲገቡ በግራ በኩል ብየዳ ነው፤ ቱቦላሬ ተከምሯል፣ ላሜራ በግድግዳው ተደርድሯል። በቀኝ አንድ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርና ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተር አለ። መካከል ላይ ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በላይ ደግሞ በምስማር የተንጠለጠሉ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት በሰባቱ፣ 231ዱም፣ በሦስት በሦስት መጠን። ቆሜ አየኋቸው። ሀሁን እንደዚያ ተሰቅሎ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ከቄስ ትምህርት ቤት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ (አያትየውን ሁሉም አባባ ነው የሚላቸው) ላሜራውን ከተሸካሚው ተቀብለው ፊቱን አላዩትም፤ ገለበጡት። ጀርባው ላይ በትንሽ ፊደል "ግንቦት 1986" የሚልና ሦስት ቃል የማትሞላ ማስታወሻ አለ። ለሠላሳ ዓመት ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ማናችንም ይህን አላየንም። በምን ቀለም እንደተቀባ፣ ከሥሩ ምን እንደተለቀለቀ የሚገልጽ ነው። የሚቀጥለው ቀቢ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ ሲያድስ የማይስማማ ቀለም እንዳይደርብበት ብለው ሁሉም ላይ እንደሚጽፉ ልጃቸው ነገሩኝ። ከዚያ አባባ ፊቱን መለሱትና "ባልትና" ከሚለው የ"ል"ን እግር በጣታቸው ተከትለው፣ "እናትሽ ደህና ናት?" አሉኝ። ካረፈች አራት ዓመቷ እንደሆነ ስነግራቸው ኮፍያቸውን አወለቁ።

የእኚህን ሰው ፊደል ከሌላው የሚለየው ምን እንደሆነ በኋላ ነው የተረዳሁት። የቆሎ ተማሪ ሳሉ በብራና ላይ ቁም ጽሕፈት ተምረዋል፤ በመቃ ብዕር። መቃ ወደ ጎን ሲስቡት ቀጭን፣ ወደ ታች ሲስቡት ወፍራም ይጽፋል። በ1956 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ብዕሩ በብሩሽ ተለወጠ፤ እጁ ግን ያው ነው። ስለዚህ የሳቸው "ሬ" ቀለበቷ ሰፊ ነው፣ አንገቷ ቀጭን። "ሮ" ራሷ ላይ ያለው ቀለበት ከሩቅ ብርሃን ያሳልፋል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ነው፤ አንዲት ቀለበት ከተደፈነች፣ አንድ እግር ካጠረ፣ ቃሉ ሌላ ይሆናል። የላቲኑን ፊደል ማወፈር ይቻል ይሆናል፤ የእኛን ዝም ብሎ ማወፈር ግን ማጥፋት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ታፔላ መጻፍ አለበት።

ስለ ሥራቸው ታሪክ ሻይ እየጠጣን ብዙ አወጉኝ። በደርግ ጊዜ የግል ታፔላ ሥራ ሲቀንስ አቡጀዲ ላይ መፈክር ይጽፉ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በ1977 ዓ.ም. መስከረም ሊከበር ሲል ከተማው በሙሉ በቀይ ጨርቅና በቅስት ሲሸፈን ሌሊትና ቀን ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ። ከ1983 በኋላ ሱቅ የከፈተው ሁሉ ታፔላ ፈለገ፤ የእናቴም የዚያ ጊዜ ነው። ልጃቸው፣ ጋሼ የምላቸው፣ ብየዳውን ተምረው ትልልቁን ቢልቦርድ ጀመሩ። ጥሩ ገንዘብ የገባው ያን ጊዜ ነው፤ ስልክ፣ ሳሙና፣ ከሁሉም በላይ ቢራ። በ2011 ዓ.ም. የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጁ ወጥቶ የአልኮል ማስታወቂያ ሲታገድ የቢራው ሥራ ባንዴ ቆመ። ጋሼ ይህን ሲነግሩኝ ምሬት አልነበረባቸውም፤ "እኔም ልጅ አለኝ" ነው ያሉት። ግን ባዶ የቆመ ብረት አይበላም፤ እናም ወደ ትንንሹ ሱቅ ተመለሱ። የእኔን የሦስት ሜትር ሥራ እንደ ትልቅ ነገር የያዙት ለዚህም ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው። ይህን ክፍል በዝርዝር የምጽፈው እኔ ራሴ እንዲህ ይሠራል ብዬ ስላልጠበቅሁ ነው።

ዋጋ ከመነገሬ በፊት የልጅ ልጅየዋ ሱቄ ድረስ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ግድግዳውን ለካች፤ ከዚያ መንገዱን ተሻግራ የአውቶቡስ ፌርማታው ጋ ቆመችና እስከ ሱቄ በር ያለውን ርቀት በእርምጃ ቆጠረች። 22 ሜትር። "እትዬ፣ ሰው እርስዎን የሚያይዎት ከዚህ ነው፤ ከደጅዎ አይደለም" አለችኝ። የአያቷ ሕግ ለአሥር ሜትር ርቀት አሥር ሳንቲም የፊደል ቁመት፣ ከዚያ በታች አይወረድም የሚል ነው። በማግስቱ በ12፣ በ18 እና በ25 ሳንቲም የተቆረጠ "ባልትና" ይዛ መጣች። እኔ ሱቁ ደጃፍ እያነሣሁ እይዛለሁ፤ እሷ ፌርማታው ጋ ያለውን ሊስትሮ ልጅ ታስነብባለች። 12ቱን "ባል… ምን?" አለ። 18ቱን ዓይኑን አጥብቦ አነበበው። 25ቱን ከማንሣቴ ጮኾ ጠራው። "በቃ፣ ይሄ ነው" አለችና ለልጁ ጫማዋን አስጠርጋ ከፈለችው።

ቀጥሎ ያለው ከጋሼ ጋር ያደረግነው ክርክር ነው። እኔ የያዝኩት ዝርዝር አሥራ አራት ዕቃ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ የበርበሬ ሥዕልና ለውጭ ሰው ደግሞ እንግሊዝኛ ነበረበት። እንግሊዝኛውን ከላይ ላድርገው ስል ልጅቷ የማስታወቂያ አዋጁ፣ 759/2004፣ የአገር ውስጡ ቋንቋ ይቅደም እንደሚል ነገረችኝ። ጋሼ ዝርዝሩን አንብበው ሲጨርሱ፣ "እህቴ፣ ይህን ሁሉ የሚያነብልሽ ሰው ሱቅሽ ውስጥ የገባ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ማንበብ አያስፈልገውም፣ ዕቃውን እያየው ነው" አሉኝ። ተናደድኩ። ገንዘቡ የእኔ ነው፣ የምሸጠውንም የማውቀው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን አልተመለስኩም። ስመለስ ግን ልጅቷ አንድ ሐሳብ ይዛ ጠበቀችኝ፤ ከሥር በኩል "የዶሮ ማነቂያዋ" የሚል ይጨመር። "የድሮ ደንበኞችዎ ይህን ያውቃሉ አይደል?" አለችኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አሥራ አራቱን ዕቃ ትቼ ተስማማሁ፤ "ባልትና" በትልቁ፣ "በርበሬ ሽሮ ሚጥሚጣ" ከሥሩ፣ "የዶሮ ማነቂያዋ" ከሁሉም በታች፣ አንድ ስልክ ቁጥር።

ቀለሙን አላስመረጡኝም ማለት ይቻላል። አረንጓዴ ላይ ቀይ ፈልጌ ነበር። ሁለቱን ቀለሞች በላሜራ ቁራጭ ላይ ቀብተው ከሩቅ ሲያሳዩኝ ጽሑፉ ይንቀጠቀጥብኛል፤ ቢጫ ላይ ጥቁር ግን ፍንትው ብሎ ወጣ። ቢጫውን ከእኔ እርድ ጋር እያስተያዩ በጠበጡት። ቀይ ለምን ቀድሞ እንደሚለቅ ያስረዱኝም እዚያው ነው። በባነር ኅትመት ላይ ቶሎ የሚለቁት ቀዩና ቢጫው ቀለም ናቸው፣ ሰማያዊው ይቆያል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ትበረታለች። ያ የመጀመሪያው ታፔላዬ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። የእነሱ ቢጫ በኅትመት ቀለም ሳይሆን ወፈር ባለ የዘይት ቀለም ነው የተቀባው።

አሠራሩን ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ አየሁ። ላሜራው በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ፣ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) ተቀባ፣ ደረቀ፤ የዘይት ቀለሙ በአኳራጅ እየቀጠነ ሁለት ጊዜ ተደረበ። መስመሩን ያሰመሩት በጠመኔ የተለበጠ ሲባጎ ወጥረው ጠብ በማድረግ ነው። ፊደሎቹን ልጅቷ ከእናቴ ታፔላ ላይ በስስ ወረቀት ገልብጣ በኮምፒውተር አሳደገቻቸው፤ ከዚያ ካርቶን ላይ ተቆርጠው ተሰመሩ። ብሩሹን የያዙት ግን አባባ ናቸው። በ80 ዓመታቸው እጃቸው ቀና ነው፤ አግድሙን ሲስቡ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ ሲጨርሱ ይለቁታል። ረጅሙን የጎን ሥራ ልጅቷ ሞላች። ከታፔላው ጀርባ ላይ ወሩና ዓመቱ፣ የቀለሙም ዓይነት ተጻፈ። ልጅቷ ናት የጻፈችው፣ እንደ አያቷ በትንሽ ፊደል።

ሲሰቀል ጋሼ ራሳቸው መሰላል ላይ ወጡ። በትራፓኖ ተበሳ፣ ፊሸር ገባ፣ በቡሎን ታሰረ፤ ከግድግዳው አራት ጣት ያህል አራቁት፣ ውሃ ከኋላው እንዲወርድና እንዳይቋጥር።

3 ሜትር በ90 ሳንቲም የሆነው ታፔላ ከነስቀላው 34,500 ብር ፈጅቶብኛል። ባነር ላሠራው ብል በግማሹ ይሆንልኝ ነበር፤ ግን ባነር በየዓመቱ ነው የሚቀየረው። ስድሳ በመቶ ቅድሚያ ይጠይቃሉ፣ ቀሪው ከተሰቀለ በኋላ። በቴሌብር ይቀበላሉ። የወረዳ ፈቃድ ማስጨረስ የእናንተ ሥራ ነው፤ ይህን ገና በመጀመሪያው ቀን ይነግሯችኋል፣ ንድፉንም አትመው ይሰጧችኋል። የንግድ ፈቃድ ቅጂ ካላሳያችሁ ስም አይጽፉም።

ያልወደድኩትን ልናገር። አንደኛ፣ በቀጠሮ አያምኑም። በሁለት ሳምንት የተባለው በ25 ቀን ነው የደረሰው፤ መብራት ሲጠፋ ብየዳው ይቆማል፣ ያ እውነት ነው፣ ነገር ግን ደውለው አይነግሩም። ስልክም አያነሡም፤ ሦስት ጊዜ በእግሬ ሄጄ ነው ያረጋገጥኩት። ሁለተኛ፣ መብራት ሥራቸው አይደለም። ማታ እንዲታይ ብዬ ከላይ አምፖል እንዲተክሉልኝ አጥብቄ ጠየቅሁ፤ እነሱ ኤሌክትሪክ ሠሪ ጥሪ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያስገደድኳቸው፤ በሁለት ወር ጠፋ። ማታ የምትሠሩ ሰዎች፣ ምግብ ቤትና መድኃኒት ቤት፣ ላይት ቦክስ ከፈለጋችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ። ሦስተኛ፣ ነሐሴ ላይ ከቱቦላሬው አንድ ማዕዘን የዝገት ውሃ ወርዶ ቢጫውን አቆሸሸው። ብየዳው ከውስጥ በደንብ አልተቀባም ነበር። ስነግራቸው ጋሼ በማግስቱ መጥተው ፈገፈጉ፣ ቀቡ፣ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ቢሆንም መጀመሪያውኑ መታየት የነበረበት ነገር ነው።

ስለ ቢልቦርዱም ጥቂት ልበል፣ ምክንያቱም የሚከራይ ብረት አላቸው። ለዐቢይ ጾም ሽሮ የሚሸጥበት ወቅት ነውና፣ ከአንድ ማር ነጋዴ ጋር ተካፍለን ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው መንገድ 6 በ3 ሜትር የሆነ ለሦስት ወር ተከራየን። ጋሼ መጀመሪያ ወሰዱንና መንገድ ዳር አቆሙን፤ መኪና ብቅ ሲል እኔ መቁጠር እንድጀምር፣ ሲያልፈን እንዳቆም ነገሩኝ። ስድስት ላይ አለፈ፤ ሌላውም ስድስት፣ አንዱ አምስት። "በዚህ ውስጥ የሚነበብ ብቻ ነው የምንጽፈው" አሉ፤ ሰባት ቃል ሆነ። ማር ነጋዴው ከኩርባው አጠገብ ያለውን ብረት መርጦ ነበር፤ ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ የሚያነሣበት ቦታ ላይ እኔ አልሰቅልም ብለው እምቢ አሉት፣ የዚያ ብረት ኪራይ እየቀረባቸው። በቅርብ ስታዩት ኅትመቱ ጥርስ ጥርስ ያወጣ ነጠብጣብ ነው፤ ደንግጬ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ሲታይ ግን ይገጥማል። ከሩቅ ለሚታይ ነገር ረቂቅ ኅትመት ማስከፈል ሐቅ አይደለም ይላሉ።

ቢልቦርዱ ስንት ደንበኛ እንዳመጣልኝ መለየት አልቻልኩም። ለእንደ እኔ ያለ ትንሽ ነጋዴ ብቻውን የሚሞከር አይደለም፤ ተካፍላችሁ ከሆነ ብቻ። ታፔላው ግን ሌላ ነው። በተሰቀለ በሦስተኛው ሳምንት አንዲት እናት ከሚኒባስ ወርደው እየሮጡ መንገዱን ተሻገሩ። ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ ሚጥሚጣ የሚወስዱ፣ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ ያላየኋቸው ሴት ናቸው። ወደ ቤታቸው ለመሄድ በዚያ መንገድ ዓመት ሙሉ ተመላልሰዋል። "የዶሮ ማነቂያዋ የሚለውን ባላይ ዛሬም አልፌሽ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንዲህ እያሉ የመጡትን በደብተር ጻፍኩ፤ ሃያ ሦስት ደርሰዋል።

የእናቴን ታፔላ አድሱልኝ ብዬ ነበር፤ አባባ እምቢ አሉ። ዝገቱን ብቻ በነጭ ጋዝ አጥበው፣ ጠርዙን አስለስልሰው መለሱልኝ። አሁን ሱቁ ውስጥ ከሚዛኑ በላይ ተሰቅሏል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ሂዱ፣ ከዚያ በኋላ ጋሼ ለስቀላ ይወጣሉ። የግድግዳችሁን ልክና ከማዶ ሆናችሁ ያነሣችሁትን ፎቶ ያዙ። አባባ የሚመጡት ማክሰኞና ሐሙስ ነው፤ በእጃቸው እንዲጻፍላችሁ ከፈለጋችሁ በግልጽ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ በስቲከር ነው የሚሠራው። እኔ ለወፍጮ ቤታችን አንድ ትንሽ አዝዣለሁ፤ በሦስት ሳምንት ይደርሳል ብለውኛል፣ እኔ አምስት ብዬ ይዤዋለሁ።